የቤተሰብ ሐኪም በኢትዮጵያ፤ የአንድ አሳብ ታሪክ ከዋግ ምድር ሲመረመር

መግቢያ

የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ በጠቅላላ ሐኪምነት የሚያገለግል ወጣት አንድ ቀን ከባድ ምርጫ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም በየትኛው የሕክምና ክፍል ጠልቆ ይሠልጥን የሚለው ነው። ዛሬ በአገራችን ለዚህ ሥልጠና የሚያመለክት ሐኪም በመላው አገሪቱ የሚሰጠውን ፈተና ይፈተናል፤ የሚፈልገውንም ክፍልና የሚማርበትን ዩኒቨርስቲ በቅደም ተከተል ያሰፍራል። ቀዶ ሕክምና፣ የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት ሕክምና፣ የማሕፀንና የጽንስ ሕክምና የቆየ ክብር ስላላቸው የአመልካቹን ዓይን ቶሎ ይስባሉ። ከእነርሱ ጎን የቤተሰብ ሕክምና የሚባል አዲስ ስም ይገኛል። ይህን ስም አንደኛ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ከጓደኞቹ «ጠቅላላ ሐኪም አልነበርክምን? ሦስት ዓመት ተምረህ ተመልሰህ ጠቅላላ ሐኪም ልትሆን ነውን?» የሚል ጥያቄ መስማቱ አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ከታሪክ መልስ መፈለግ ነው። እንደምናሳየው የቤተሰብ ሕክምና ለኢትዮጵያ በስሙ አዲስ ነው እንጂ በግብሩ አዲስ አይደለም። አገራችን ይህን አሳብ ከሰባ ዓመት በፊት በጎንደር ጀምራው ነበር፤ ነገር ግን ሥራውን ለሚሠራው ሰው የሚወጣበትን መሰላል ሳታቆምለት ቀረች። ስለዚህ ዛሬ በቤተሰብ ሕክምና ለመሠልጠን የሚያመለክት ሰው የሚገባው በጅምር በቀረ ሥራ ውስጥ መሆኑን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ምርመራችንን ከአንድ የተወሰነ ቦታ፣ ከዋግ ምድር፣ በተለይም ከኒሯቅ አንጻር እናደርገዋለን። ምክንያቱም የአንድ አገር ሕክምና የሚፈተነው በዋናው ከተማ ሳይሆን መንገዱ በሚያልቅበት ስፍራ ስለ ሆነ ነው። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ሀ. አገሩና ደዌው

ዋግ ኽምራ በሰሜን ከትግራይ፣ በደቡብ ከሰሜን ወሎ፣ በምዕራብ ከጎንደር ምድር ጋር ይዋሰናል። ዋና ከተማው ሰቆጣ ሲሆን ደጋ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ተከዜ በወረዱ ቁጥር ምድሩ እየሞቀና እየደረቀ ይሄዳል፤ የአበርገሌ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ኒሯቅ የምትገኘው በዚህ በቆላው በኩል ነው። አበርገሌ በፍየሉ የታወቀ ነው። ሕዝቡ አገው ነው፤ ቋንቋውም ኽምጣና ነው። ብዙ ሰው አማርኛን ጨምሮ ይናገራል፤ ይሁን እንጂ አንዲት እናት የሕፃንዋን ሕመም ስታስረዳ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋን መምረጥዋ የታወቀ ነው።

የምድሩ አቀማመጥ የደዌውን ዓይነት ይወስነዋል። በቆላው ወባ አለ፤ በደጋው የሳንባ ምችና ከብርድና ከመጨናነቅ የሚመጡ ሕመሞች አሉ፤ ዝናም ሲቀር ደግሞ ደጋውንም ቆላውንም አንድ የሚያደርግ ረኃብ ይመጣል። ረኃብ ብቻውን አይገድልም፤ ኩፍኝን፣ ተቅማጥንና ተስቦን አስከትሎ ይገድላል። ስለዚህ በዚህ አገር የሚሠራ ሐኪም የአንድን የሰውነት ክፍል ብቻ እያከመ ሊኖር አይችልም።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ትኩሳት የያዘውን የሁለት ዓመት ልጅዋን አዝላ ከቆላ መጣች እንበል። ልጁ ወባ አለበት፤ ከወባውም በላይ ከስቷል። እናቲቱ ደሟ አንሷል፤ የመውለጃዋም ጊዜ ቀርቧል። በቤት የቀሩት አያት ደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒታቸውም አልቋል። በትልቅ ከተማ ሆስፒታል ይህ አንድ ቤተሰብ ለሦስት ክፍል ይከፋፈላል። በኒሯቅ ግን ሦስቱንም የሚያየው አንድ ሰው ነው፤ ወይም ማንም አያያቸውም። የቤተሰብ ሕክምና የሚባለው ትምህርት ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ሕፃኑን፣ እናቱንና ሽማግሌውን አንድ ሐኪም እንዲያክም፣ ቤታቸውንና ኑሯቸውን እንዲያውቅ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውንም ለይቶ በጊዜው እንዲልክ ማሠልጠን ነው።

ለ. ሐኪም ሲገባ

ዘመናዊ ሐኪም ከመምጣቱ አስቀድሞ ሕዝቡ ያለ ሕክምና አልኖረም። የተሰበረውን ወጌሻ ያቃናል፤ ምጥ የያዛትን የልምድ አዋላጅ ትረዳለች፤ የመድኃኒት ዐዋቂው ቅጠልና ሥር ይቀምማል፤ በሽተኛ ጠበል ይጠመቃል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም በሽተኛውን ከነዘመዱ ማወቃቸው ነው።

ዘመናዊው ሕክምና የገባው ግን በቤተ መንግሥት፣ በሚሲዮንና በጦር ሜዳ በኩል ነው። በ1896 ከአድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞችን ለመርዳት መጡ፤ ሥራቸውም ለአዲስ አበባው የምኒልክ ሆስፒታል መነሻ ሆነ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1868 ከመቅደላ በሕፃንነታቸው ተወስደው በሕንድ አገር ያደጉ፣ በ1882 በላሆር ትምህርታቸውን የፈጸሙ ሰው ነበሩ። ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ በ1935 በአሜሪካ ከሀዋርድ ዩኒቨርስቲ በሕክምና ተመረቁ። ከእነዚህ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት እንደምንረዳው በዚያን ዘመን ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለመሆን ከኢትዮጵያ መውጣት ግድ ነበረ።

ከጣልያን ወረራ በኋላም ነገሩ ፈጥኖ አልተለወጠም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1948 ተቋቋመ፤ ሆስፒታሎችም ተሠሩ። ነገር ግን አብዛኞቹ ሐኪሞች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የሚሠሩትም በከተማ ነበረ። በ1950 የተከፈተው ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የቅድመ ሕክምና ትምህርት የሰጣቸው ተማሪዎች ሐኪም ለመሆን ወደ ቤሩትና ወደ ሌሎች አገሮች መሄድ ነበረባቸው። ጥቂቶች ሐኪሞች ተምረው እስኪመለሱ ድረስ በአውራጃው ያለው ሕዝብ ምን ያድርግ? ቀጥሎ የምናየው ተቋም ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ሐ. የጎንደር መልስ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጣና አጠገብ በደንቢያ የተነሣው ወባ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። መንግሥትም ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ጋር ተባብሮ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን አቋቋመ። ኮሌጁ በዋና ከተማ ሳይሆን በጠቅላይ ግዛት መቋቋሙ፣ የሚያሠለጥነውም አንድ ባለሙያ ሳይሆን አንድ ጓድ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ጓዱ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ጠባቂ፣ ማለት ሳኒታሪያን፣ ነበሩት።

ጤና መኮንኑ ሦስት ዓመት በትምህርት፣ አንድ ዓመት ደግሞ በሥራ ልምምድ ይቆያል። በሽተኛ ያክማል፤ ክትባት ይመራል፤ ወረርሽኝ ይመረምራል፤ የጤና ጣቢያውንም ያስተዳድራል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ትጎበኛለች። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፤ መጸዳጃ ያስቆፍራል። አንድ የጤና ጣቢያ 50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት በጓድ ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወጥተው ይሠሩ ነበርና ሥልጠናውና ሥራው አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ይውሉ ነበር።

ይህ አሳብ አስፈላጊ መሆኑን ጊዜው ራሱ አረጋገጠ። በ1958 በደጋና በወይና ደጋ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። እንዲህ ያለውን መቅሠፍት በአንድ ከተማ የተሰበሰቡ ሐኪሞች ሊገቱት አይችሉም።

በዓለም ዙሪያ ካለው ጋር ብናስተያየው የጎንደር ሥራ ይበልጥ ይጎላል። በብሪታንያ የጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጅ የተመሠረተው በ1952 ነው። በአሜሪካ የቤተሰብ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ክፍል ሆኖ የታወቀው በ1969 ነው። የአልማ አታ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ለሁሉ ይዳረስ ብሎ ያወጀው በ1978 ነው። ጎንደር ከአልማ አታ በ24 ዓመት ቀድማ ያንኑ አሳብ በሥራ ላይ አውላው ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ጤናን ትምህርት ከሌላው ስትቀበል ብቻ አልኖረችም፤ ለሌላው ምሳሌ የሚሆን ነገርም አበርክታለች።

መ. መሰላሉ ሲጎድል

ታዲያ ይህ መልካም ጅምር ስለ ምን ዳር አልደረሰም? ምክንያቱ የጤና መኮንኖቹ ሥራ ዋጋ ማጣቱ አልነበረም፤ ማዕረጉ ነው። ጤና መኮንኑ በጤና ጣቢያው የሐኪምን ሥራ ይሠራል፤ በሕግና በደመወዝ ግን ሐኪም አይደለም። ለማደግ የፈለገ እንደ ሆነ በዚያው በሙያው ውስጥ የሚወጣበት ደረጃ አልነበረውም። ስለዚህ ብዙዎቹ ጠንካራ ጤና መኮንኖች እንደገና ገብተው ሕክምና ተማሩ፤ ሌሎቹም ወደ አስተዳደርና ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ይህን ማድረጋቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ሰው በሚያድግበት በኩል መሄዱ የተፈጥሮ ነገር ነው።

በሌላው በኩል የሐኪም ትምህርት ቤት በ1964 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተከፈተ። ይህ ታላቅ እመርታ ነው፤ ሐኪም ለመሆን ከአገር መውጣት ግድ መሆኑ ቀረ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርስቲው ተማሪዎች አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ በዚህም ብዙዎቹ አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ሆኖም የሐኪሙ ትምህርት በትልቅ ሆስፒታል ዙሪያ ተደራጀ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአገር ውስጥ ሲጀመርም በቀዶ ሕክምናና በውስጥ ደዌ ዓይነት ክፍሎች ተከፋፈለ፤ ሁሉን አቀፍ ሐኪም የሚሠለጥንበት ክፍል አልነበረም። በ1978 ጎንደር ራሷ በላይፕዚግ ዩኒቨርስቲ እርዳታ የሐኪሞች ትምህርት ቤት ሆነች፤ የጤና መኮንን ሥልጠናውም ተቋረጠ።

የሚገርመው በአልማ አታ ዓለም ሁሉ የጎንደርን አሳብ ባወጀበት ሰሞን ጎንደር አሳቡን ማስቀመጧ ነው። ሐኪሞች ማፍራትዋ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም። የጎደለው ከጤና መኮንን ተነሥቶ፣ ከሕዝቡ ሳይርቅ፣ ወደ ላቀ ዕውቀት የሚያደርስ መሰላል ነበር።

ሠ. ረኃቡና የዓለም ጤና

በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ዋግ በመላው ዓለም ዘንድ ስሙ የተነሣው በክፉ ነው። ድርቁና ጦርነቱ ተደራርበው ሕዝቡ ከሰቆጣ አካባቢ ወደ ኮረም ተሰደደ። በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም እጅግ ብዙ ሕዝብ በሜዳ ላይ ሰፈረ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የፈረንሳይ ድርጅትና የብሪታንያው የሕፃናት አድን ድርጅት በዚያ ሠሩ። በጥቅምት 1984 የቢቢሲ ቴሌቪዥን ያሳየው የኮረም ምስል ዓለምን ቀሰቀሰ። በውጭ አገር ብዙ የሕክምና ተማሪዎች ስለ ዓለም ጤና ማሰብ የጀመሩት ከዚያ ምስል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ከሩቅ የሚመጣው ሐኪም የሚደርሰው ሕዝቡ ከቤቱ ከተነቀለ በኋላ መሆኑ ነው። በኮረም የሞተው ሕፃን መክሳት የጀመረው በመንደሩ ነበር፤ በዚያ ሳለ ክብደቱን የሚመዝን፣ የዝናሙን መቅረት ከሕፃናቱ መክሳት ጋር አገናኝቶ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው፣ ከሩቅ የመጣ ሐኪም መመለሱ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በመንግሥት የሰፈራ አሠራር ላይ ተቃውሞውን በግልጽ በመናገሩ በ1985 መጨረሻ ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። የእርዳታው ውለታ የማይረሳ ቢሆንም የአገር ጤና በእንግዳ ትከሻ ላይ ሊቆም አይችልም። አባቶች ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ማለታቸው ለሕክምናም ይሠራል።

ኢትዮጵያዊ ሐሳብ ለዓለም ጤና ሲደርስም ታይቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አስረዱ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ለዓለም የሚጠቅም ግኝት የተገኘው ከወንዝ ዳር፣ የገጠር ሴቶችን ሥራ በማስተዋል ነው። «ለዓለም ጤና ፍላጎት አለኝ» የሚል ተማሪ ዓይኑን ወደ ጄኔቫ ከማቅናቱ በፊት ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ረ. አሳቡ ሲመለስ

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የጎንደር አሳብ በየክፍሉ ተመለሰ። የጤና መኮንን ሥልጠና በጂማና በጎንደር እንደገና ተጀመረ፤ በ2005 ደግሞ በብዙ ዩኒቨርስቲዎች ተስፋፋ። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ሆነ። እነዚህ ሴቶች የጎንደሯ ነርስና የሳኒታሪያኑ ወራሾች ናቸው።

የቀረው የላይኛው የመሰላሉ እርከን ነበር። በ2013 መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ከፈተ። የቶሮንቶና የዊስኮንሲን ዩኒቨርስቲዎች መምህራን ረዱት። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ2016 ወጡ። ሬዚደንቱ በሕፃናት፣ በውስጥ ደዌ፣ በማሕፀንና ጽንስ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች እየተዘዋወረ ይማራል።

አሁን በመግቢያችን ለተነሣው የጓደኞች ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። ጠቅላላ ሐኪም ሁሉን በጥቂቱ ቀምሶ የወጣ ነው፤ የቤተሰብ ሐኪም ግን ሁሉን አቀፍ መሆንን ራሱን እንደ ሙያ የተማረ ነው። ያልተለየውን ሕመም በጥቂት መሣሪያ መለየት፣ የብዙ ዓመት ሕመምን መከታተል፣ የጤና ጓድን መምራት የየራሳቸው ትምህርት አላቸው። ጤና መኮንኑ የተነፈገው ማዕረግ ለቤተሰብ ሐኪሙ ተሰጥቷል፤ በስፔሻሊስትነት ይታወቃል።

ቦታውም የት እንደ ሆነ ከቁጥር መረዳት ይቻላል። በዛሬው የጤና አደረጃጀት በገጠር ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ የታቀዱ ናቸው። የጎንደር ጤና ጣቢያ የታሰበለት 50,000 ሕዝብ ለዛሬው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይቀርባል። ስለዚህ የጤና መኮንኑ የቀድሞ ወንበር ዛሬ በዚህ ሆስፒታል ይገኛል፤ በዚያ ላይ መቀመጥ የሚገባው የቤተሰብ ሐኪም ነው ብለን እናምናለን። በአንድ ወረዳ ሆስፒታል አምስት ስፔሻሊስት ማኖር አይቻልም፤ አንድ የቤተሰብ ሐኪም ማኖር ግን ይቻላል።

ሰ. የሚያሰጋውና አመልካቹ ሊመረምረው የሚገባው

ስጋታችን ታሪክ በተገለበጠ መንገድ እንዳይደገም ነው። ጎንደር በገጠር አሠለጠነች፤ መሰላል ግን አልሠራችም። አሁን መሰላሉ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ሥልጠናው የተጀመረው በዋና ከተማ ነው። በትልቅ ሆስፒታል የተማረ ሰው ትልቅ ሆስፒታልን ይለምዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው መመሪያ ሐኪሞች በገጠር እንዲቆዩ ከተፈለገ ተማሪዎች ከገጠር እንዲመረጡ፣ ትምህርት ቤቶች ከዋና ከተሞች ውጭ እንዲቋቋሙ፣ ልምምዱ በገጠር እንዲደረግና የዕድገት ደረጃ እንዲዘጋጅ መክሯል። ይህን ያነበበ ሰው የጎንደርን ታሪክ ያነበበ ይመስለዋል።

ስለዚህ አመልካቹ የዩኒቨርስቲውን ስም ብቻ ሳይሆን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። አንደኛ፣ ከሦስቱ ዓመት ስንቱ ወር በወረዳ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ያልፋል? ሁለተኛ፣ በዚያ ሲሠራ የሚያስተምረው የቤተሰብ ሐኪም አለ ወይስ ብቻውን ይተዋል? ሦስተኛ፣ ሲመረቅ በሙያው የሚመደብበት ቦታ በግልጽ አለ ወይ? ከውጭ አገር ዩኒቨርስቲ ጋር ግንኙነት መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ግንኙነቱ የሚመዘነው እንግዳው መምህር ሲሄድ በሚቀረው አስተማሪ ነው። ስለ ራሱ የሚጽፈው ማመልከቻም «ለዓለም ጤና ፍላጎት አለኝ» ከማለት ይልቅ የትኛውን ሕዝብ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለየትኛው ደዌ ሊያገለግል እንዳሰበ ቢገልጽ ይበልጥ ያሳምናል።

መምህራኖቻችንም የሚጠየቁት አለ። በሐምሌ 2015 የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ቃሉን በሰቆጣ ስም ሰይሞታል፤ የሥራውም መጀመሪያ የተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ሆነዋል። ከዚያ በኋላ በ2020 የተነሣው ጦርነት ከአበርገሌ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ አስገብቷል፤ በ2023 ደግሞ ድርቅ ተከትሏል። በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ በየወረዳው ጤና ጣቢያ አለ፤ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቁ የጤና ባለሙያዎች አሉ። የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንት ከዚህ የተሻለ የትምህርት ክፍል ከወዴት ያገኛል? የሚያስፈልገው አንድ መምህር በዚያ እንዲቀመጥና ሬዚደንቶች በተራ እንዲላኩለት ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው የኢትዮጵያ ሕክምና ታሪክ የሁለት መንገዶች ታሪክ ነው። አንዱ ወደ ሕዝቡ ይሄዳል፤ ግን ሄያጁን አያሳድገውም። ሁለተኛው ሐኪሙን ያሳድገዋል፤ ግን ከሕዝቡ ያርቀዋል። የቤተሰብ ሕክምና ሥልጠና ሁለቱን መንገዶች ለማጋጠም የሚቻልበት ዕድል ነው። ዕድሉ መልካም ፍሬ ማፍራቱ የሚታወቀው በአዲስ አበባ በሚመረቁት ሐኪሞች ቁጥር አይደለም። ከቆላ ልጅዋን አዝላ የመጣችው እናት በኒሯቅ የሚያውቃትን ሐኪም ያገኘች እንደ ሆነ፣ ያም ሐኪም በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ከተገኘ፣ በጎንደር የተጀመረው ሥራ ዳር ደረሰ ለማለት እንችላለን።